ጭራቁን ከመጽሐፉ ማን አወጣው?

ቁመታችሁን የሚያህል መጽሐፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በደጋው አገራችን ለዘመናት ሲጻፍ የኖረው የብራና ክታብ እንደዚያ ነበር። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል፤ በረጅሙ እየቆረጠ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋዋል። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይጠብቃል ተብሎ። የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይለበድና አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም መኝታ አጠገብ ይሰቀላል።

ክታብ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ሥዕልም አለ። ሰይፉን የመዘዘ መልአክ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ፊት፣ ዙሪያውን ዓይን በዓይን የሆነ ጠልሰም። ደጋግመው ከሚገኙት ጽሑፎች አንዱ ጸሎተ ሱስንዮስ ነው፤ ታሪኩም የሕፃን ታሪክ ነው። ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ የሱስንዮስን አራስ ልጅ ትገድልበታለች። ሱስንዮስ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ፍለጋ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት አግኝቶ ያለችበትን ይጠይቃል፤ ደርሶም በጦር ይወጋታል። ሠዓሊው የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ይህችን ቅጽበት ነው፦ ፈረስ፣ ጦር፣ ከሥር የወደቀች ውርዝልያ። እንዲህ ያለውን ክታብ የምታስጽፈው ደግሞ ልጅ የሞተባት፣ ወይም እንዳይሞትባት የምትሰጋ እናት ነች።

ዣክ ሜርሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ስለ እነዚህ ሥዕሎች ለዓመታት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ የታተመው መጽሐፉ ገና ከርዕሱ ሥዕልን «መድኃኒት» ይለዋል። እሱ እንደሚያስረዳው ሥዕሉ ለጌጥ አይደለም። በሽተኛው ዓይኑን ተክሎ ያየዋል፤ ያደረበት መንፈስም በበሽተኛው ዓይን አይቶ ይደነግጣል፣ ይሸሻል።

ይህን የማወራው ወደ ክታብ እንመለስ ለማለት አይደለም፤ የታመመ ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል። ግን «የልጆችን ስሜት የሚያግዝ የሥዕል መጽሐፍ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ሲነሳ ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ የሥልጠና አጀንዳ ይመስለናል። አይደለም። ሥዕል የፈራን ሰው ያግዛል የሚለው ሐሳብ እዚሁ አገር፣ በበግ ቆዳ ላይ ሲኖር የቆየ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ጭራቁ አልተደበቀም፤ ስም ተሰጥቶት፣ መልክ ወጥቶለት፣ ከሚወጋው ጋር አብሮ ተሥሏል። ዛሬ ለልጆች በምንገዛቸው ብዙ መጻሕፍት ውስጥ ግን ጭራቅ የለም። ጥሩ ልጅ አለ፣ እጁን የሚታጠብ ልጅ አለ፣ ታላቁን የሚያከብር ልጅ አለ። የፈራ ልጅ ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። የት ሄደ?

ሰባ ስምንት ሰው የበላው

ደብረ ብርሃንን መቀመጫው ያደረገው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው) ጥንቆላንና አስማትን አጥብቆ የተዋጋ ንጉሥ ነበር። ያው ንጉሥ ግን ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት በማድረጉ ይታወቃል። ተአምራቱ በኋለኞቹ ዘመናት በሥዕል እያጌጡ ተጻፉ፤ ከብራናውም አልፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወጡ።

ከእነዚያ ታሪኮች ልጅ አንዴ ካየው የማይረሳው በላዔ ሰብእ ነው። ሰባ ስምንት ሰው የበላው የቅምር ሰው። ሥዕሉ ምንም አይደብቅም፤ ሰውዬው የሰው ሥጋ ይዞ ይታያል። ቀጥሎ በውኃ ጥም የተቃጠለ ድሃ ያገኘዋል፤ በእመቤታችን ስም ስለለመነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ሚዛን አለ፤ በአንድ ወገን ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። ውኃዋ ታመዝናለች።

አሁን ይህን ሥዕል ቅዳሴ ላይ በቆመ የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን እዩት። ፊደል አልቆጠረም፣ ግዕዙንም አይሰማም። ሥዕሉን ግን ያያል፤ ፈርቶ የአያቱን ነጠላ ይጎትታል፤ «እማማ፣ ይሄ ምንድነው የሚበላው?» ይላል በሹክሹክታ። እሷም በሹክሹክታ ትመልሳለች። እንግዲህ የሥዕል መጽሐፍ ማለት ይኸው ነው፤ የሚያስፈራ ነገር፣ ዓይኑን ያልጨፈነ ልጅ፣ አጠገቡ የቆመ ሰው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥራውን አይሠራም። አያቱ ባትኖር ኖሮ ያ ሥዕል ለልጁ ቅዠት ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለት ዓይነት ጅብ

መንዝ ብርድ ነው። መሐል ሜዳና የጓሳ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሰው ከራሱ በግ ፀጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ ያድራል። ቀን በእረኝነት የዋለ ልጅ ማታ የሚቀመጠው እሳት ዳር ነው፤ ተረትም የሚነገረው እዚያው ነው።

በዚያ ቤት ልጅ ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መንዝ ውስጥ ጥናቱን ያካሄደው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የገለጸልን አስተዳደግ መታዘዝንና ታላቅን ማክበርን ከሁሉ የሚያስቀድም ነው። ልጅ ይላካል፣ እንግዳ ያስታጥባል፣ በአዋቂ ፊት ዝም ይላል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረትም ከዚያው መንፈስ የወጣ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ «ፈራሁ» የሚለው የት ነው?

ተረት ውስጥ ነበር። «ተረት ተረት» ሲባል ልጁ መልስ አለው፤ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብሎ ካልተቀበለ ተረቱ አይጀመርም። ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ልጅ ድምፅ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ተረቱ ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ አለ። ልጁ ጅብን ያውቀዋል፤ ማታ ማታ በረት ዙሪያ ሲያላዝን ይሰማዋል፣ ጠዋት የተበላ በግ አይቷል። በተረቱ ውስጥ ግን ይህ አስፈሪ አውሬ ሆዳም ሞኝ ነው፤ ጦጣ ታታልለዋለች፣ ሁሉም ይስቅበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጅብ ነበር። አንደኛው «ዝም በል፣ ጅብ መጣልህ!» የሚባለው ነው፤ ይሄኛው የልጁን አፍ ለማዘጋት የሚጠራ ጅብ ነው። ሁለተኛው የተረቱ ጅብ ነው፤ መጥቶ፣ አስፈራርቶ፣ ተሸንፎ የሚሄድ። የመጀመሪያው ፍርሃትን ልጁ ላይ ይጥላል፤ ሁለተኛው ፍርሃቱን ከልጁ ላይ አንስቶ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሁሉም እንዲያየው። የልጆች መጽሐፍ ስንመርጥም ጥያቄው ያው ነው፤ ይሄ መጽሐፍ የያዘው የትኛውን ጅብ ነው?

ምክሩ ሲገዝፍ

ከዚያ ማተሚያ ቤትና ትምህርት ቤት መጡ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዙት የዚያው አገር ልጅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በሰሜን ሸዋ ገርም ገብርኤል የተወለዱት ከበደ ሚካኤል። «ታሪክና ምሳሌ» የተባለው መጽሐፋቸው ትውልድ በትውልድ ላይ በትምህርት ቤት ያነበበው፣ ብዙ ሰው ዛሬም ከልጅነቱ በቃሉ የሚወጣው ሥራ ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ታሪክ ይቀርባል፣ ከታሪኩ ምሳሌ ይወጣል። እንስሳቱ ይናገራሉ፣ ያጠፋው ይቀጣል፣ አንባቢው ትምህርቱን ይዞ ይሄዳል።

ጥፋቱ የከበደ ሚካኤል አይደለም። እሳቸው ታሪኩንም ምሳሌውንም እኩል አሳምረው ነው የጻፉት። ከእሳቸው በኋላ የመጣው የልጆች ጽሑፍ ግን በአብዛኛው ምሳሌውን ወስዶ ታሪኩን አሳነሰው። ማተም ውድ ነው፣ ወረቀት ውድ ነው፤ ወላጅ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው «የሚያስተምር» መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ታሪኩ አጠረ፣ ምክሩ ረዘመ። ጭራቁን ከመጽሐፉ ያወጣው ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን የሚወድ፣ ግን መጽሐፍን ከመምህር ዱላ ለይቶ ማየት ያልለመደ ትውልድ ነው ያወጣው።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት ደግሞ አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሳህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። ልጆች ዙሪያቸውን ይቀመጡ ነበር፤ ተረቱ ምክር ቢኖረውም ፊታቸው ራሱ ሥዕል ነበር፤ ይስቃሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ድምፃቸውን ይቀያይራሉ። የእሳት ዳሩን ጨዋታ ወደ ስቱዲዮ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ግን አንድ ሰው የስንቱን ቤት ምድጃ ይተካል?

የሥዕል መጽሐፍ በዘመናዊ ትርጉሙ ሲመጣ ከስደት ነው የመጣው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጪ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አዩ፤ በአማርኛ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ ከነሥዕሉ አሳተሙ። በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በሚኖሩበት ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ በአዋሳ መንደሮች ዞረ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ማሞ ቂሎ መሆኑ ደስ ይላል። ማሞ ምክር የማይገባው ልጅ አይደለም፤ ምክሩን አንድ ቀን ዘግይቶ የሚፈጽም ልጅ ነው። ለትናንቱ ጥፋት የተነገረውን መፍትሔ ለዛሬው ያውለዋል፣ ይበላሽበታል። እናቱ ትቆጣዋለች፤ በማግስቱ ግን ደግሞ ይሄዳል። ሲሳሳት የሚውል ልጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን ተሳስቶም የቤቱ ልጅ ሆኖ መቅረት እንደሚቻል ያውቃል፤ ማንም ሳይመክረው።

የጋዜጣ ወረቀት ላይ የታተመ በሬ

ጦርነት ያየ ልጅ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሰጠው? ይህን የጠየቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ጄላ ሌፕማን የምትባል አይሁዳዊት ጀርመናዊት ከናዚዎች ሸሽታ እንግሊዝ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 ወደ ፈራረሰችው አገሯ ተመለሰች። የአሜሪካ ጦር አማካሪ ሆና ስትዞር ምግብም ቤትም መጽሐፍም የሌላቸው ልጆች አየች። ለሃያ አገሮች ደብዳቤ ጻፈች፤ የልጆች መጻሕፍት ላኩልን፣ በተለይ ሥዕል ያለባቸውን። ብዙዎቹ የትናንት ጠላቶች ነበሩ፤ ግን ላኩ። በ1946 ሙኒክ ላይ ዐውደ ርእይ ከፈተች፣ በ1949 ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ሆነ።

ከመጻሕፍቱ አንዱ የፈርዲናንድ ታሪክ ነበር፤ መዋጋት የማይፈልግ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አበባ ማሽተት የሚወድ በሬ። ሌፕማን ራሷ ወደ ጀርመንኛ መለሰችው፣ በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ ታተመ፣ ለበርሊን ልጆች ታደለ። አስተውሉ፤ ቦምብ ለሰሙ ልጆች የሰጠችው የቦምብ መጽሐፍ አይደለም። «ጦርነት መጥፎ ነው» የሚል ምክርም አይደለም። በሬ ነው። ከልጁ ሕይወት በቂ የራቀ፣ ግን ልጁ ራሱን የሚያገኝበት።

ከዚያ በ1963 አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ ጭራቆቹን ወደ መጽሐፍ መለሳቸው። ማክስ የሚባል ልጅ ይበጠብጣል፣ ያለ ራት ወደ መኝታው ይላካል፤ ጥርሳቸው የሾለ አውሬዎች ወዳሉበት አገር በመርከብ ይሄድና ይነግሥባቸዋል፤ በመጨረሻ ቤቱ ናፍቆት ይመለሳል። ራቱ ይጠብቀዋል፣ ገና ትኩስ ነው። ያኔ አዋቂዎቹ ተሟገቱ፤ ልጅ ያስፈራል፣ እናቱ ራት ከለከለች ማለት ምን ማለት ነው፣ ተባለ። ልጆቹ ግን መጽሐፉን እየደጋገሙ አስነበቡት። የሰባ ስምንት ሰው በላን ሥዕል አይቶ ላደገ የአበሻ ልጅ ይህ ክርክር ሳያስቀው አይቀርም።

ከኅዳር 2014 በኋላ

ጥያቄው ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ መሆኑ ካቆመ ሰንብቷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ገባ፤ ሸዋ ሮቢት፣ መዘዞ፣ ሞላሌ የጦር ግንባር ስም ሆኑ። ደብረ ብርሃን በተፈናቃዮች መጠለያ ተሞላች። ያ አለፈ ሲባል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆኑ። ዛሬ በእነዚህ ወረዳዎች የስድስት ዓመት ልጅ የተኩስ ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት ያውቃል፤ «ሀ»ን ግን ላያውቅ ይችላል።

ከተማ ሆነን ለእነዚህ ልጆች መጽሐፍ እናሰባስባለን፤ ደግ ነገር ነው። ካርቶኑ ውስጥ የምንጨምረውን ግን እንምረጥ። ከላይ የተረክነው ታሪክ መምረጫውን አስቀምጦልናል።

መጽሐፉን ሳትገዙ ቆማችሁ አንብቡት። ውስጡ የፈራ፣ ያዘነ ወይም የተናደደ ሰው አለ? ስሜቱ ስም አግኝቷል ወይስ «አይዞህ» ተብሎ ተዘግቷል? ችግሩን የሚፈታው ማነው፤ ልጁ ራሱ እንደ ጦጣዋ በብልሃቱ፣ ወይስ ከላይ የመጣ አዋቂ በምክሩ? መመለሻ አለው? ማክስን ትኩስ ራት ጠብቆታል፤ የሚጨነቅ ልጅ ወደ ጭራቁ አገር ለመሄድ መመለሻውን ማወቅ አለበት። የመጨረሻው ገጽ ትምህርቱን ጠቅልሎ ካስረከበ ልጁ የሚጠይቀው አይቀረውም፤ ሳይጠይቅ ደግሞ አያወራም።

ርቀቱንም አስቡ። ቤቱ የተቃጠለበትን ልጅ በተቃጠለ ቤት ሥዕል አትጀምሩት። ጅብ፣ ጦጣ፣ በሬ ይሻሉታል፤ በእነሱ አስመስሎ የሚናገረውን ራሱ ይናገራል። በጣምም አይራቅ። ባና የለበሰ እረኛ፣ የገብስ ማሳ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ያለበት መጽሐፍ ልጁን «ይሄ የኔ ነው» ያስብለዋል። አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ስትገልጽ መጽሐፍ መስታወትም መስኮትም ይሁን ብላለች። የኛ ልጆች መስኮቱ አልጠፋቸውም፤ የበረዶ ሰውና የእንግሊዝ ጥንቸል በገፍ ይላክላቸዋል። የጎደለው መስታወቱ ነው። እሱም ቢሆን መሠራት ጀምሯል፤ ማጂ ያደገችው ጄን ከርትዝ ከእህቷ ከካሮላይንና ከኢትዮጵያውያን ጋር ባዘጋጀቻቸው ከመቶ በላይ ትንንሽ መጻሕፍት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ አለ።

ከሁሉ በላይ ግን አያቲቱን አትርሱ። መጽሐፉ ብቻውን በካርቶን ከሄደ ግማሹ ነው የሄደው። አብሮ የሚቀመጥ፣ ልጁ ገጹን ወደ ኋላ ሲገልጥ የማይቸኩል፣ «በቃኝ» ሲል መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ወይም ንግግር ያቆመ ልጅ ደግሞ የጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ የሥዕል መጽሐፍ እሱን አይተካም። መጽሐፉ ካልደረሰስ? ጠመኔና ሰሌዳ፣ ከሰልና ግድግዳ አለ። ክታቡን የሣለው ደብተራም ማተሚያ ቤት አልነበረውም።

ማዶ ያለው እሳት

በየቤቱ የሚተረት አንድ ታሪክ አለ። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ላሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ርዕስ ሆኗል፤ ጄን ከርትዝም በ1994 የሥዕል መጽሐፍ አድርጋዋለች። በነኩርላንደር አተራረክ አንድ ባለጠጋ ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል፤ ራቁትህን፣ ያለ እሳት ተራራ ላይ ካደርክ መሬት እሰጥሃለሁ ይለዋል። አሽከሩ ይፈራል፣ ወደ አንድ ብልህ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌው ከተራራው ማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር እሳት እንደሚያነድለት ይነግረዋል፤ ሌሊቱን እሳቱን እያየ፣ የሚያነድለትንም ሰው እያሰበ እንዲያድር። አሽከሩ ያድራል። ባለጠጋው ግን «እሳት አይተሃል፣ ስለዚህ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል። በኋላ ሽማግሌው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ ያበላቸዋል፤ ፍርዱ የሚገለበጠው ያኔ ነው።

ሁላችንም የምናስታውሰው የወጡን ሽታ ነው፤ ያስቃል፣ ፍትሕም አለው። የመንዝን ውርጭ ለሚያውቅ ልጅ ግን የተረቱ ልብ ሌሊቱ ነው። እሳቱ ሩቅ ነው፣ አያሞቅም፤ ብርዱም አልቀነሰም። አሽከሩን ያሳደረው ማዶ ያለው ሰው ነው፤ እሱም ሳይተኛ፣ እንጨት እየጨመረ አደረ።